እሁድ የምታርፈው ዝግባ

ውድ ልጄ ሲምረት፣

ሐዋሳ ድረስ፣ ከነመጽሐፍሽ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይህን ማን ጻፈልህ እንዳትይኝ፤ እኔው በገዛ እጄ ነኝ! የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። አስተማሪዬ መድኃኒት "ጋሽ ሃይላይ፣ ጽሕፈትዎ ያምራል" ብላኛለች። ለሌሎቹም ብላለች፤ ለእኔ ስትል ግን ከልቧ ነው።

በቃ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የእድራችን ሊቀመንበር ፍሬአብ፣ እዚህ ካዛንቺስ ደጃችን ላይ ያለችው ዝግባ ተቆርጣ የሚከራይ ሱቅ ይሠራ አለና ለእሁድ ተቀጠረላት። ስለ ጥላዋ፣ ስለ አየሩ ለፈለፍኩ፤ ማን ሰምቶኝ! ያኔ ስለ ሕዝብ ንቅናቄ ንግግርና ስለ አካባቢ ጥበቃ ክርክር የምትማሪውን በስልክ ስትነግሪኝ ያልሽው ትዝ አለኝ፦ "አባዬ፣ ሰው ለሩቅ ጉዳት አይነሳም፤ ደጁ ድረስ አምጣለት።"

የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ደግሞ ማን ሆነና፤ እኔው! ቅዳሜ ማለዳ ነፋሁት።

"ነባር የእድራችን አባል ነገ እሁድ ስለሚያርፉ፣ ቀብሩ እዚሁ ደጃችን ነው!"

ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። እማማ ከሪማ እያለቀሱ መጡ።

"ማን ሞተ?"

"ገና አልሞተችም እማማ። ዝግባዋ ናት፤ ነገ ነው።"

"የት አባትህ! እንባዬን መልስ!"

ፍሬአብ በንዴት ቀላ። "በሞት ይቀለዳል እንዴ፣ ሃይላይ?"

"አልቀለድኩም። ዛፏ ከሄደች የለቅሶ ድንኳን የት ልንተክል ነው? ሱቁ ውስጥ፣ ከዘይቱ ጎን?"

አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። እማማ ከሪማ ግን አልሳቁም። ሄደው ግንዷ ሥር ቁጭ አሉ።

"ባሌን ያለቀስኩት እዚህ ነው። የሚቆርጣት ካለ መጀመሪያ እኔን ያንሳኝ።"

ልጄ፣ "ትቁም" ተብሎ እዚያው እጅ ወጣ። መጨረሻ ላይ ፍሬአብም አወጣ። ዝግባዋ ቆማለች፤ ሱቁ ከእድሩ ዕቃ ቤት ጎን ይሠራል። ክርክሩን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ማለቴ፣ እማማ ከሪማም ትንሽ አግዘውኛል።

ለእኔ የደረሰኝ ቅጣት ነው፤ ጥሩንባውን ቀምተው ለጎረቤታችን ለዳባ ሰጡት። ሲነፋ የቄራ በሬ ነው የሚመስለው! ያም ሆኖ ደስ ብሎኛል። አስተማሪሽ ምሳሌ አምጪ ካለሽ አባትሽን ጥሪው፤ ሸሚዜን ተኩሼ እመጣለሁ።

ትናንት ዳባ ሲነፋ ግን ማንም በሩን አልከፈተም። እማማ ከሪማ በመስኮት ብቅ ብለው ጮኹ፦

"የሞተው ሰው ነው ወይስ ዛፍ?"

ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም የሚችለው አባትሽ፣
ሃይላይ