ዳቦው ባረረ ማግስት

ሐምሌ 22 ቀን 1989 ዓ.ም.
ሀና ማርያም

ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጋሼስ እንዴት ናቸው? ክረምቱ ጉልበታቸውን አላስቸገራቸውም? ናዝሬት እንደኛ አይበርድም እያልኩ ነው የምጽናናው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጤናዬን ማለቴ ነው። ሌላው ግን ደህና አይደለም፤ የምጽፍልሽም ስለ ሌላው ነው። አንብበሽ ብትቆጪ አልፈራም፤ ዛሬ የተቆጣሁት እኔ ነኝ።

ወሬው በወይዘሮ ተሾመች አፍ ተቀምሞ ሳይደርስሽ የሆነውን እንደሆነው ልንገርሽ።

ትናንት ሰኞ የእማዬ የጽዋ ማኅበር እኔ ቤት ነበር። ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ጋብ ብሎ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ግን ቆርቆሮውን እንደገና ይቀጠቅጠው ጀመር። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ እኔ በር ያለውን ጭቃ ታውቂዋለሽ። የተገኙት፦ ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት ወይዘሮ ተሾመች፣ መምሬ ጸጋአብ፣ ንግስት፣ ሌሎቹም ማኅበርተኞች በሙሉ። ያልተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። በገዛ ቤቴ።

ቀኑን አልረሳሁም፣ እትዬ። ይህን አስምሪበት። ጠላውን አስቀድሜ ጠምቄያለሁ። ንፍሮው በስሏል። ባለፈው ወር ከንግስት ቤት ተሸክሜ ያመጣሁትን ጽዋ እማዬ በጠለፈችው ጨርቅ ሸፍኜ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ድፎ ዳቦው ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎለት እየበሰለ ነበር። የጎደለኝ ጧፍ ብቻ ነው። ጧፍ ልገዛ ጉተማ ሱቅ ብቅ አልኩ። እዚያው ነው፤ ከግቢያችን ቢጣሩ ይሰማል።

ጉተማ ጧፉን የጠቀለለልኝ በመጽሔት ቅዳጅ ነበር። እኔ ፊደል የለየሁት በምን እንደሆነ አትረሺውም፤ አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እኔ የስኳርና የበርበሬ መጠቅለያ እየዘረጋሁ ነው። እስከ ዛሬ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ሳላነብ አልጥልም። በዚህኛው ላይ አንድ ሐኪም ጽፏል። አንዳንድ ሰዎች በልጅነታቸው ብቻ ሳይሆን ካደጉም በኋላ ሐሳባቸውን አንድ ቦታ ማሳረፍ ይቸግራቸዋል ይላል። ዕቃ ይጥላሉ። የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሌላ ይጀምራሉ። ሰው እያወራቸው ሌላ ድምፅ ይወስዳቸዋል። ልባቸው የወደደውን ሲይዙ ደግሞ መሽቶ እንደሆነ እንኳን አያውቁም። ከዚያ፣ «ይህ ስንፍና ወይም ንቀት አይደለም፤ ይህ» ይልና እዚያ ላይ ተቀዷል።

እትዬ፣ ሱቁ በር ላይ ዝናብ እየመታኝ ቆሜ ቀረሁ። ስንፍና አይደለም ያለኝ ሰው በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው፤ እሱም አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተለየኝ።

ጉተማን ቀሪው የት አለ ብዬ ብጠይቀው፣ «እትዬ፣ እኔ ወረቀት በኪሎ ነው የምገዛው፤ ይኸው ጓዳው፣ ገብተሽ ፈልጊ» አለኝ እየሳቀ። ገባሁ። የግመል ሆድ ምን ምን ክፍል እንዳለው አነበብኩ። ንብ መንገዷን እንዴት እንደምታውቅ አነበብኩ። የአንድ ፍርድ ቤት ክርክር መጀመሪያውን አጥቼ መጨረሻውን አገኘሁ። ሐኪሙን አላገኘሁትም። በመጨረሻ ጉተማ አንገቱን አስግጎ፣ «እንዴ! እስካሁን አለሽ? ዛሬ ማኅበርሽ አይደለም እንዴ? መምሬ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሲያልፉ ካየኋቸው ቆየሁ እኮ!» አለኝ።

አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ነው ቤት የደረስኩት። በሩን ክፍት ትቼው ስለሄድኩ ገብተዋል። የእርጥብ ነጠላና ያረረ ዳቦ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ባለቤቷ ሳትኖር ጋኑን የሚከፍት የለምና ውሃ እንኳን አልቀመሱም። ወይዘሮ ተሾመች አየት አደረጉኝና፣ «መጣሽ? ቤቱ የማን እንደሆነ ልንረሳው ነበር እኮ!» አሉኝ። ንግስትም፣ «ተዉአት፣ ቀልብ የላትም። ቢኖራትም መንገድ ላይ ትጥለው ነበር» አለች። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። መምሬ ጸጋአብ፣ «የሰው ነገር ነው፤ ባለው እንጸልይና ጽዋው ይዙር» ቢሉ ወይዘሮ ተሾመች እምቢ አሉ። «ዳቦ ሳይቆረስ ጽዋ ሲዞር አይቼም ሰምቼም አላውቅ። በዚህ ሰፈር መሳቂያ ልታደርገን ነው?»

ይህን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ፤ ዳቦው አርሯልና። ቀጥለው ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ለነገሩ እህትሽ ገና ከፋሲካ በፊት መልእክት ልካብናለች። ቀልብ የላትም፣ ታዋርደናለች፣ የእናቴ ቦታ ለልጄ ለውዳሴ ይሁን ብላለች። አይሆንም እያልን ያቆየነው እኛ ነን። ነገ ጠዋት ጽዋውን ይዘሽ ቤቴ ነይ፤ ቦታውንም ታስረክቢያለሽ።»

ከፋሲካ በፊት! እኔ ምንም ሳላሳርር! በፋሲካ እኔ ቤት መጥተሽ በላሽ፣ ጠጣሽ፣ ጉንጬን ስመሽ ሄድሽ። እማዬ እጄን ይዛ «ቦታዬ ለትንሿ» ስትል አንቺም በራስጌዋ ቆመሽ ነበር። የሟች ቃል ነው ብለሽ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ።

እንዴት እንደምኖር ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ ዛሬ ልንገርሽ። ወጡን ጨው አድርጌበት እንደሆነ ስለማላውቅ ደግሜ እጨምራለሁ። ከሳሪስ ታክሲ ስይዝ ረዳቱ ወራጅ አለ ሲል የምሰማው መውረጃዬን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ ጭቃውን በእግሬ እመለሳለሁ። ሰው ሲያወራኝ የጎረቤቱም ሬዲዮ፣ የዶሮውም ጩኸት፣ የዝናቡም ጠብታ እኩል ይገባኛል፤ ከዚያ ሁሉ መሀል የሰውየውን ቃል ለቅሜ ለማውጣት እንደምደክም ማንም አያይልኝም፤ ዓይኔ ሲንከራተት ብቻ ይታያል። ናቀችን ይላሉ። መርሳትና መናቅ አንድ ሆኖ ያውቃል? የናቀ ሰው ሌሊት ነቅቶ ያለቅሳል? መርፌና ክር ስይዝ ደግሞ ሌላ ሰው ነኝ፤ ጥልፌን የሚገዙኝ የሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች በእጄ ይምላሉ። ያኔ ምግብም ውሃም አይታወሰኝም። እሱን ሲያዩ ደግሞ «ስትፈልግማ ትችላለች» ይላሉ። ከስድቡ ሁሉ የሚያቃጥለኝ ይሄኛው ነው። አንቺም ብለሽኛል። ጠበልም ልከሽኛል፤ ሄጄ ተጠመቅሁ፣ በረደኝ፣ ነጠላዬን እዚያ ረስቼ ተመለስኩ።

አሁን የሚቀጥለውን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ትናንት ሰዎቹ ከወጡ በኋላ እማማ ጫልቱ መጡ። የአጥር ጎረቤታችን፣ የእማዬ ወዳጅ። ልጃቸው ሮበሌ ጀሞ ላይ እርሻውን ሲያርስ ሊያግዙት ሄደው ሰንብተው ነበር። ያረረውን ዳቦ ገልበጥ አድርገው አዩና ቁጭ ብለው ሳቁ። እኔ ግን ማልቀስ ጀመርኩ። «አይ ኢንተላ፣ አይ ልጄ!» አሉኝ፣ «የእኔ ጥፋት ነው፤ እኔ አልነበርኩማ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ብጠይቃቸው ነገሩኝ። በየወሩ በማኅበሩ ዋዜማ በአጥሩ ቀዳዳ «ነገ ነው!» ብለው ለእማዬ የሚጮኹት እሳቸው ነበሩ። ጽዋው እኛ ቤት ሲገባ ደግሞ እሳቱን የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። «እናትሽ ጭራሮ ልልቀም ብላ ትወጣለች፤ ስፈልጋት የሰው ጎመን ስትኮተኩት አገኛታለሁ» አሉኝ። በነጠላዋ ጫፍ ላይ የምትቋጥራቸውን ቋጠሮዎች ታስታውሻለሽ? እኔ ለጸሎት የምትቋጥራቸው ይመስለኝ ነበር። «አንዱ ለጨው፣ አንዱ ለማኅበር፣ አንዱ ለአንቺ ነበር» አሉኝ። ሰው አያውቅም ወይ አልኳቸው። «ማን ይጠይቃል? ዳቦው ቆንጆ ነበር» አሉኝ።

እኔ አላውቅም ነበር፣ እትዬ። አንቺ ግን ታውቂ ነበር። የእማዬን ያረረ ድስት በአሸዋ የሚፈገፍገው ማን ነበር? ይህን ስጽፍ የልጅነት እጆችሽ ትዝ አሉኝ፤ ሁልጊዜ የተሰነጣጠቁ ነበሩ። ለዚያ አዝንልሻለሁ፣ ከልቤ። ለላክሽው መልእክት ግን አላዝንልሽም።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁት ይህ ነው። ገና ሲነጋጋ እማማ ጫልቱ በአጥሩ በኩል ጮኹልኝ። እኔ አቦካሁ፣ እሳቸው እሳቱ አጠገብ ተቀመጡ። ዳቦው ወጣ። ከጋኑ ጠላ ቀድቼ ጽዋውን ሞላሁ፣ ሸፈንኩት፣ ልወጣ ስል ቁልፉ ጠፋ። አልጋ ሥር፣ ሊጥ ዕቃው ውስጥ፣ የትም የለም። በሩ ኋላ ስፈልግ የውዳሴን ጃንጥላ አገኘሁ። ከሳሪስ መጥታ ስታጫውተኝ የዋለች ዕለት ትታው የሄደችው ነው፤ ከዚያ በፊት ሻርፗን፣ ከዚያም በፊት መታወቂያዋን ትታ ነበር። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። ጃንጥላውን ዘረጋሁ፣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጠርኩ፣ ወጣሁ። እማማ ጫልቱ ዳቦውን ይዘው ከኋላዬ ነበሩ። ጉተማ ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ «እትዬ! ሌላ ወረቀት መጥቷል፤ ሐኪሙ ሳይኖርበት አይቀርም!» ብሎ ጮኸ። ፊቴን ወደ ማዶ አዙሬ አለፍኩ። እንዴት እንደከበደኝ ፈጣሪ ያውቃል።

ወይዘሮ ተሾመች በር ላይ ቆመው፣ «አስቀምጪውና ሂጂ» አሉኝ። ጽዋውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ዳቦውን አጠገቡ አደረግሁ። አልሄድኩም፤ ተቀመጥኩ። «ጽዋውን አምጥቻለሁ፣ ቦታውን ግን አላመጣሁም» አልኳቸው። «ቅጣት ካለብኝ ይነገረኝ፤ ሻማም ከሆነ ስግደትም ከሆነ እቀበላለሁ። ቀልብ የላትም የሚለውን ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።»  ወይዘሮ ተሾመች ዳቦውን ገለጥ አድርገው አዩና፣ «ይሄ የእናትሽ ዳቦ ነው» አሉ። እማማ ጫልቱ ቀና ብለው አይተው፣ «አዎ፣ ያው ነው» አሏቸው።  ከዚያ ወይዘሮ ተሾመች ነጠላቸውን አጣፍተው መምሬን ሊጠሩ ራሳቸው ወጡ።

መምሬ ባረኩት፣ ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ቅጣቴ ጧፍና ስግደት ሆኗል። ቦታው ግን አንቺ ቃልሽን እስክታነሺ ድረስ አልጸናልኝም፤ «እህትሽ ትቼዋለሁ ብላ ትላክብን» ብለውኛል። ላኪባቸው። እኔ ሳልፍ ለውዳሴ ይሁን፤ ያኔ እሳቱን የሚጠብቅላት ሰው ካሁኑ ፈልጊላት። እስከዚያ እኔ አለሁላት። ጃንጥላዋን ስለጣለች ደግሞ አትቆጪያት፤ እኔ ጋ አለ፣ ደርቋል።

እመቤታችን ቤትሽን ትጠብቅልሽ፣ ጋሼን በጉልበታቸው ታቁምልሽ፣ እጆችሽን ታለስልስልሽ።

ታናሽሽ፣
የእማዬ ትንሿ