ማዶ ያለችው እናት

ኅዳር 12፣ ማታ

የሆዴ ልጅ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን፤ ትከሻዬ ብቻ ነው አልታዘዝ ያለኝ። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ስለምውል፣ ማታ ማንኪያ ማንሳት እንኳን ያቅተኛል። ልጅሽ በልታ፣ ተጫውታ፣ እኔንም አድክማ አሁን ተኝታለች። በስልክ እንዳልነግርሽ ከጉያዬ አትጠፋም፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

በእሷ መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳውን በልጆች ግጥሞች ሥዕል እንድሞላላቸው ጠርተውኛል። ዕድሜ ልኬን የሱቅ ስም ስጽፍ ኖሬ፣ በስተርጅና ጥንቸልና ዶሮ መሣል ጀመርኩ። ጥንቸሏን ያየ ሁሉ «አህያዋ ታምራለች» ይለኛል።

የመጨረሻው ግድግዳ ላይ የምሥላት አንቺም እየዘለልሽ ያደግሽባት ግጥም ናት፦

ወንዙ ሞልቷል፣ ጀልባም የለ፣
እማ ማዶ ነች፤
እጅሽን አውለብልቢላት፣
ነገ ትመጣለች።

ንድፉን ቤት ወስጄ ለአክስትሽ ባሳያት፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው እትዬ?»

«እናትየዋን ለምን አሳቅሻት?»

«የልጆች ጨዋታ አይደል እንዴ?»

«ጨዋታማ አልነበረም» አለችኝ። አያታችን ልጅ ሳለች ክፉ በሽታ ገብቶ፣ የታመሙትን ሁሉ ወንዙን አሻግረው እዚያው ይተዋቸው ነበር። ልጆቻቸው ዳር ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ከማዶ መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ ልጆቹ አንሄድም ብለው አስቸገሩ፤ አዋቂዎቹ ይቺን ግጥም አውጥተው፣ እያዘፈኑ ወደ ቤት መለሷቸው። አያታችን ከልጆቹ አንዷ ነበረች። እኔ የመጨረሻ ልጅ ነኝና ማንም አልነገረኝም።

በማግስቱ ብሩሹ ከበደኝ። ለርዕሰ መምህርቷ ብነግራት «እማማ፣ ልጆቹ ምን ያውቃሉ? ደማቅ ያድርጉት ብቻ» አለችኝ። እኔም ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። ወንዙን ሰማያዊ ቀባሁት፣ ዳሩን በአበባ ሞላሁት።

ልጅሽ ከክፍል ወጥታ ሥዕሉን ስታይ ቆየች።

«አያቴ፣ ጀልባ ሣዪላት።»

«ግጥሙ ጀልባ የለም ነው እኮ የሚለው፣ የኔ እናት።»

«ታዲያ በምን ትመጣለች?»

ቀይ ጀልባ ሣልኩላት። ርዕሰ መምህርቷ መጥታ «ግጥሙና ሥዕሉ ተጣሉ እኮ!» ብትለኝ፣ «ይጣሉ» አልኳት። አሁን ልጆቹ ሁሉ «ጀልባም አለ» እያሉ ይዘፍናሉ፤ ያስጀመረቻቸው ያንቺዋ ናት።

የቀረኝ የእናትየዋ ፊት ነው። «ማንን ትምሰል?» ብዬ ልጅሽን ጠየቅኋት።

«አንቺን።»

«እማዬንስ?»

«እማዬማ ስልክ ውስጥ ናት» ብላኝ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች።

እስካሁን ፊቱን ባዶ ትቼዋለሁ። ደህና ፎቶ ላኪልኝ፤ ከወገብ በላይ ሳይሆን ሙሉ ቁመናሽ የሚታይበት። ሥራሽን ጥለሽ ነይ ማለቴ አይደለም፣ እንዳትጨነቂ። ቀለሙ ግን አንዴ ከተከፈተ ብዙ አይቆይም፤ ይደርቃል።

ክፉ አይንካሽ። የወጣሽበት በር በሰላም የምትገቢበት ይሁንልሽ።

እናትሽ