ድንች አላልኩም

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ብርድ ሲነካው የሚያስነክስሽ ወገብሽስ እንዴት ነው? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? ስለ እማዬ የምጠይቅሽን ለኋላ አቆይቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስታነቢ ይገባሻል። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ሥራዬን እሠራለሁ፣ በልቼ አድራለሁ፤ ግን ሆድ ብሶኛል፣ ያስባሰኝም ሌላ ሰው አይደለም፣ አንቺው ነሽ።

ወረቀት ላይ የጻፍኩልሽ ወድጄ አይደለም። ዘግተሽኛል። ድሮ ስንጣላ ብትዘጊኝ ቢበዛ እስከ ራት ነበር። አሁን ግን እማዬ የራሷ ስልክ እንደሌላት እያወቅሽ መልእክቴን ከለከልሽ፤ ከሥራ ባልደረባዬ ስልክ ብደውልም ድምፄን ስትሰሚ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ስልኬ እዚህ በሰው አገር በምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ከአንሶላ ጋር ታጥቦ ሞተ። አብሮኝ የሚኖረው ቀለም ቀቢ አዘነልኝና አሮጌ ላፕቶፑን ሰጠኝ። ዊንዶውስ ስለከበዳት ሊኑክስ የሚባለውን ቀለል ያለ ሲስተም ጭኖባታል። የመልእክት መላላኪያና የአማርኛ መጻፊያ አስገባንባት፣ በቃ ከቤቴ ሰዎች ጋር ተገናኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

እማዬ ሆስፒታል የገባች ሰሞን የጻፍኩልሽ በዚህችው ላፕቶፕ ነው። ሥራ ልገባ እየተጣደፍኩ አንዲት ጥያቄ ላኩልሽ፤ ወዲያው ገጹ ደርቆ ቀረ። ስመለስ መልስሽ ጠበቀኝ፤ «አንተም እንደ ገበያው ሰው ሆንክ? ሁለተኛ እንዳትጽፍልን» ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ያንቺን አነበብኩ እንጂ የራሴን ማን ዞር ብሎ ያያል? ምን እንደጻፍኩ የማውቅ መስሎኛል።

ምን አጠፋሁ ብዬ ብጽፍ አይደርስም። መስመሩ ነው አልኩ። እውነትም ላፕቶፗ መስመር ትጥል ነበር። የአከራያችንን የኢንተርኔት ሳጥን እየነቀልኩ ሰካሁት፣ ላፕቶፗን ታቅፌ ኮሪደሩ ላይ ተንቆራጠጥኩ፤ አከራያችን «ደግሞ ምን ልታበላሽብኝ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ኋላ ቀለም ቀቢው ላፕቶፗ ባትሪ ለመቆጠብ ስትል ዋይፋዩን ራሷ እንደምታጠፋው ደረሰበት። ያንን ቁጠባዋን ከለከልናት፣ መስመሩም ጸና። ሌላ አገር ያለ ጓደኛዬ ሰላም ብለው ወዲያው መለሰልኝ። ያንቺ ብቻ እንቢ አለ። የተቆረጠው መስመሩ ሳይሆን እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ኪቦርዱም ፊደል እየበላ ጨጓራዬን ይልጠው ነበር። በብሩሽ ጠረግኩት፣ ሌላ ተውሼ ሰካሁ፤ ያው ነው። ሌላ ፕሮግራም ላይ ስጽፍ ግን አንድም ፊደል አይጎድልም። ለካስ መላላኪያውና የአማርኛ መጻፊያው አይግባቡም ኖሯል፤ ፈጠን ብለሽ ስትጽፊ አናባቢው ይጠፋል። «ዳ» ለማለት ሁለት ቁልፍ ነው የሚነካው፤ ሁለተኛው ከጠፋ «ድ» ብቻዋን ትቀራለች። ቅንብሩን ፈልገን ሁለቱን አስማማናቸው። ልሞክረው ብዬ ያንቺን ገጽ ስከፍት የዚያን ቀን መልእክቴን አየሁት።

«እማዬ ዳነች?» ነበር ያልኩሽ፣ እታለም። የደረሰሽ «እማዬ ድንች?» ነው።

ድንች ሸጣ ያሳደገችን እናታችንን ገበያውም ሰፈሩም ስሟን ትቶ «ድንች» ሲላት፣ ልጆቹ «የድንቿ ልጆች» እያሉ ሲከተሉን አብረን ያለቀስን ሰዎች ነን። ያ ስም አንድ ቀን ከአፌ ወጥቶ ያውቃል? ስለዚያ ስም ተደባድቤ ልብሴ ተቀዳዶ ስመጣ እማዬ እንዳታይ ደብቀሽ የሰፋሽልኝ አንቺ አልነበርሽም? ያ ወንድምሽ ሆስፒታል በተኛች እናቱ ላይ ያላግጣል ብለሽ አመንሽ። ላፕቶፗ ሁለት አናባቢ ጣለች፣ አንቺ ወንድምሽን ጣልሽ። እሷስ ዕቃ ናት። አንቺ «ምን ማለትህ ነው?» ብትዪኝ ምን ነበረበት? አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ነው። ቀለም ቀቢው ነገሩን ስተረጉምለት ሳቀ፣ ፊቴን ሲያይ ግን ተወው።

ደክሞሽ እንደነበር አላጣሁትም። ሆስፒታሉም ቤቱም ባንቺ ጫንቃ ላይ ነበር። ቢሆንም ቂሜ አልወጣልኝም፣ ወጥቶልኛል ብዬም አላባብልሽም። መልእክቱን ለእማዬ አሳይተሻት ከሆነ ይህን ደብዳቤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት። ካላሳየሻት እግዜር ይስጥሽ፣ ጭራሽ አታንሺባት።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እሱ እንኳ አንድ ቃል ቢተነፍስልኝ ምን ነበር። ትንሿን ልጅሽን፣ ድንቡሼን፣ ጉንጯን ሳሚልኝ። ታላቋን በርቺ በያት፣ አጎትሽ አልረሳሽም በያት። ለእማዬ ምን ብዬ ሰላምታ እንደምልክ አላውቅም፤ ጉልበቷን ሳሚልኝ እንዳልል የምትሳም መሆኗን የነገረኝ የለም።

እስክሪብቶ አናባቢ አይጥልም። ያኔ የጠየቅኩሽን መልሼ እጠይቅሻለሁ፣ ጎላ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤

እማዬ ዳነች?

ታናሽ ወንድምሽ

ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 9 ቀን