ከድምፅዋ ላይ የቆረጥኩት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ ብልሽ ስለማታምኚኝ፣ እበላለሁ፣ ከሥራም አልቀረሁም ብልሽ ይሻላል።

የላኩልሽን ሲዲ ሰምተሽ፣ «ልጄን የት አደረሳት? ከበሮ ብቻ ነው እኮ የላከልኝ» ማለትሽን አክስቴ ነገረችኝ። ስቄ ሳልጨርስ ዕንባዬ መጣ። እውነትሽን ነው። እህቴ የዘፈነቻቸውን ስምንት የሬጌ ዘፈኖች ወስጄ ድምፅዋን ከውስጣቸው አወጣሁት፤ ከበሮውንና ቤዝ ጊታሩን ብቻ አስቀረሁ። ከእሷ አልፎ አልፎ አንዲት ቃል ብቻ ብቅ ትልና እንደ ገደል ማሚቶ እየተመላለሰች ትጠፋለች። ደብ የሚባለው አሠራር እንዲህ ነው። ለሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፤ ለአንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ደብዳቤውን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ስቱዲዮ ውስጥ ዘፈኖቹን ስንቀዳ ያስላት ነበር። መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ ኋላ በየስንኙ። እሷ ከመስታወቱ ወዲያ፣ እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከወዲህ፤ ከማንም በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። «ቁረጠውና እንቀጥል፤ ለእማዬ እንዳትነግራት» ትለኝ ነበር። እቆርጠዋለሁ። መጋጠሚያው እንዳይታወቅ አድርጌ እገጥመዋለሁ። በእጄ ሥራ እኮራም ነበር፣ እማዬ። ሐኪም ቤት እንሂድ የሚለውን፣ አልበሙ ይለቀቅና ይደርሳል እያልኩ አቆየሁት።

አሁን ዘፈኖቿን ስከፍት ሰው የሚሰማው ድምፅዋን ነው፤ እኔ የምሰማው የቆረጥኩባቸውን ቦታዎች ነው። አንዱንም አልረሳሁም። አልቻልኩምና ድምፅዋን አወጣሁት።

በቀብሯ ማግስት ሕመሙ መቼ እንደጀመራት ጠይቀሽኝ፣ ድንገት ነው ብዬሽ ነበር። ቀና ብለሽ አየሽኝ።

ስምንተኛውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ስሚው። ከበሮው ያቆማል፣ ቤዙም ያቆማል። ከዚያ አንዲት ሳል ትሰሚያለሽ። የመጀመሪያዋ ናት፤ ቆርጬ ያወጣኋትን መልሼ አስገባኋት። የተቀዳችበትን ቀን ከሽፋኑ ጀርባ በእስክሪብቶ ጽፌልሻለሁ። አንቺ ዘንድ መጥታ ጸጉርሽን የሠራችልሽ ሰሞን ነው፤ አምሮባታል፣ ወፍራለች ያልሽበት ጊዜ። ከዚያ ቀን እስከ ቀብሯ ስንት ወር እንደነበረን ቁጠሪው።

ጉልበትሽን ያበርታልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፤ ባትጽፊልኝም አልከፋም።

የቀረሽ ልጅሽ