ከሁዌ የመጣችው ተሳፋሪ

ሆይ አን፣ በጨረቃ አቆጣጠር ስምንተኛው ወር፣ የፋኖሱ በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን

ውድ ልጄ ኩየን፣

እንደምን ሰነበትሽ? ናጎያ መብረድ ጀመረ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ዝናብ መምጣቱን ከሰማይ ቀድሞ ከመናገሩ በቀር ምንም አልሆንኩ። ካይን ላግባው ወይ ብለሽ ከጠየቅሽኝ ወራት አልፈዋል። በደወልሽ ቁጥር ወሬ እየቀየርኩ ስሸሽሽ ከረምኩ። ዛሬ ግን መልሴን እሰጥሻለሁ። በወረቀት ያደረግኩት በስልክ ከሆነ ገና አፌን ሳልከፍት ስለምታቋርጪኝ ነው፤ እኔም አልተውሽም፣ ሳንስማማ ይመሻል። የኛን አውራጃ፣ የኳንግ ናምን ሰው ክርክር ይወዳል ይሉናል። ውሸት ነው፤ እንዲህ የሚለኝን ሰው ውሸት መሆኑን እስኪያምን ድረስ እከራከረዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ትናንት ነው። ጠዋት ከገበያው በታች ጀልባዬን አስሬ ተሳፋሪ ስጠብቅ አንዲት ሴት ዣንጥላ ይዛ ብቻዋን መጣች። በዕድሜ ከኔ ትንሽ ትበልጣለች፤ ጫማዋ ጭቃ አልነካውም፣ ከፀጉሯ አንዲት ዘለላ አልተነሣችም። "ቀኑን ሙሉ ቢያዞሩኝ ይመችዎታል?" አለችኝ። ከአነጋገሯ የድሮዋ የነገሥታት ከተማ፣ የሁዌ ሰው መሆኗን ወዲያው አወቅኩ። ጎረቤታችን ናምም ከጀልባዋ ሆና፣ "ሉ፣ ዛሬስ የቤተ መንግሥት ሰው ደረሰሽ! ቀስ ብለሽ ቅዘፊ፣ እንዳትሰበርብሽ!" ብላ ጮኸች። ሴትዮዋ መስማቱን ሰምታለች፤ እንዳልሰማ ሆና ተቀመጠች።

መጀመሪያ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ወሰድኳት። ሌላው ጎብኚ እዚያ ሲደርስ ፎቶ ያነሣል፣ ጭቃ ይነካካል። እሷ ግን የምትጠይቀኝ ስለ ሰው ነበር። የየዓመቱ ጎርፍ የኔ ቤት ይደርሳል ወይ? ባለቤቴ ከሞተ ቆየ ወይ? ከማን ጋር ነው የምኖረው? ብቸኝነት የያዛት ሴት ናት ብዬ አዘንኩላትና የጠየቀችኝን ሁሉ መለስኩላት።

ምሳ ሰዓት ከማዶ ደሴቲቱ ላይ የወንዝ ዛጎል ሥጋ አበላኋት፤ አንቺ የምትወጂው፣ በሩዝ ቂጣ እየተዛቀ የሚበላው። ገና ሳትቀምሰው ቃሪያውን ደፋችበት። ጥቂት ጎርሳ፣ "መልካም ነው፤ የኛ ወንዝ ዛጎል ግን ከዚህ ያንሳል፣ ጣዕሙም ይበልጣል" አትለኝም!

"ያነሰ ነገር ነው እንዴ የሚጣፍጠው? እንዲያ ከሆነ ባዶ ሰሃን ከሁሉ ይበልጣላ!" አልኳት።

"እርስዎ የኛን ቀምሰው ያውቃሉ?"

"አንቺስ የኛን መቼ ቀመስሽ? ቃሪያ ብቻ ነው የበላሽው!"

በንዴት "አንቺ" ማለት መጀመሬን እንኳ ልብ አላልኩም። እሷ ግን ደስ ያላት ትመስል ነበር። ዛጎሉንም አንዲት ሳታስቀር ጨረሰችው።

ከዚያ ውሃ ውስጥ ወደበቀለው የዘንባባ ጫካ ስንቀዝፍ ልጅ አለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንዲት አለችኝ፣ ጃፓን ናት፣ የሁዌ ልጅ ላግባ ብላ ልቤን ታደርቀዋለች አልኩ። ዝም ብል ምን ነበረበት! ቀጠልኩ እንጂ። "አገርሽ ነውና አትቀየሚኝ፤ የሁዌ አማት መቼም ታውቂያታለሽ። ምራቷ ሰሃን ስታጥብ ድምፅ ከተሰማ ግንባሯን ትቋጥራለች። ገበታው ላይ አሥር ዓይነት ምግብ ይደረደራል፣ አሥሩ ተደምሮ ለድመት አይበቃም።"

በመዳፏ አፏን ሸፈነች። "የልጁን እናት አይተሻት ታውቂያለሽ?"

"ምን ልሁን ብዬ! እንዲህ ያለችውን ሴት በሩቁ ነው።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለኔ ነው።

ጫካው ውስጥ ጎብኚ የሚያዝናኑት ልጆች በክብ የቅርጫት ጀልባ አሳፍረው ሲያሽከረክሯት እንደ ሕፃን ጮኸች፤ ፀጉሯም ተበተነ። ወደኔ ጀልባ ስትመለስ ግን ሳቋን ትታ ነበር። "እውነቱን ንገሪኝ። ልጅሽን እሺ ያላልሻት ሁዌን ጠልተሽ ብቻ ነው?" አለችኝ።

ላንቺ ያልነገርኩሽን ለማላውቃት ሴት ነገርኳት። ልጁ በኩር ነው አልኳት። የበኩር ልጅ ሚስት የባሏን ቤት ሙታን ነው የምታገለግለው፤ ሙት ዓመት በመጣ ቁጥር ለሙታኑ የሚቀርበውን ስታበስል ማድ ቤት ናት። የኔ ልጅ ደግሞ አንዲት ናት። አባቷ ቀድሞኛል፣ እኔም እከተለዋለሁ። እሷ ሁዌ ላይ የሰው ሙታን ስታበላ ለእኛ አንድ ሰሃን ሩዝ ማን ያቀርብልናል? ብቻዬን መኖሩንስ ለምጄዋለሁ። ሞቼም ብቻዬን እንዳልቀር ነው የፈራሁት። ይኸው ነው ልጄ፤ ካይ ምንም አላጠፋም።

ስንመለስ ዝናቡ ያዘን። አውቶቡሷ እስኪደርስ ልብሷ ይድረቅ ብዬ ቤት አስገባኋት። ፎጣ ላመጣላት ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ስወጣ የአባትሽ መታሰቢያ መሠዊያ ፊት ቆማለች። "ዕጣን ባጨስለት ትፈቅጂልኛለሽ?" አለች። በሙት ፊት ቆሞ ስሙን የማይናገር ወይም የሚዋሽ ሰው እንደሌለ ታውቂያለሽ። የዕጣኑን ዘንግ በሁለት እጇ ግንባሯ ላይ ይዛ እንዲህ አለች፦

"እኔ ካም እባላለሁ፤ ከሁዌ፣ ከኪም ሎንግ ሰፈር። የካይ እናት ነኝ። ልጅዎን ኩየንን ለልጄ ልለምን መጥቻለሁ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ቤቱን ልየው ብዬ ተደብቄ ነው የመጣሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። ሚስትዎ የሚያስፈራትን ነግራኛለች። የእርስዎ ሙት ዓመት ሲደርስ ሁለቱም እዚህ ይገኛሉ። የሷም ቀን ሲመጣ እንደዚሁ። ልጄ ቢዘነጋው ከመቃብሬም ቢሆን ተነሥቼ አስታውሰዋለሁ።"

ውሃ ሆንኩ። ፎጣውን እንደያዝኩ ቀረሁ። "ቅድም ስለ ሰሃኑ ያልኩት..." ብዬ ጀመርኩ።

"እውነትሽን ነው፤ ግንባሬን እቋጥራለሁ" አለች ዕጣኑን እየሰካች። "ድመታችን ግን ጠግባ ነው የምታድረው።"

ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እኔ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ጨዋ ናት። መልሱን ለልጅሽ ስጪ እንጂ ለኔ አትንገሪኝ ብላ ባውቶቡስ ተሳፈረች።

ከሄደች በኋላ ለአባትሽ ራቱን አቀረብኩለትና ሁለቱን አሮጌ ሳንቲሞች ሰሃን ላይ ጥዬ ጠየቅኩት፤ አንዱ በፊቱ ሌላው በጀርባው ከወደቀ እሺ ማለቱ ነው። ሁለቱም በፊታቸው ወደቁ። "እንዴት አድርገህ?" አልኩት። ደግሜ ጣልኩ፤ አሁን ደግሞ ሁለቱም በጀርባቸው። ያን ጊዜ ተናደድኩ። "ልጅህ በሰው አገር ታማ ስትተኛ ሾርባ እያበሰለ ያስታመማት እሱ አይደለም? እናቱንስ በዓይንህ አላየሃትም? ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?" አልኩት። እንዲህ እያልኩ ስጮህበት ይህን ሁሉ ጊዜ እሺ ሳልል የከረምኩት እኔው መሆኔ ትዝ አለኝ። አፈርኩ። ክርክሩን ግን አልተውኩም።

ከሦስት ጊዜ በላይ አይጣልም፤ ሦስተኛውን ስጥል አንዱ በፊቱ አረፈ፤ ሌላው ከሰሃኑ ዘሎ መሠዊያው ካረፈበት ሣጥን ሥር ገባ። መብራት ይዤ ጎንበስ ብል አየው ነበር። አላየሁትም።

ካይን አግቢው፣ ልጄ። አባትሽ እሺ ብሎ ከሆነ እሰየው። እምቢ ብሎም ከሆነ ጉዳዩ ከኔ ጋር ነው፤ እዚያ ስንገናኝ የምንከራከርበት ጊዜ አናጣም። ትዳርሽ የሰመረ ይሁን፤ ጎርፍ የማይደርስበት ቤት ይስጣችሁ፤ የወለድሽውም እንዳንቺ ይሟገትሽ። ካይን ሳሚልኝ፤ እናቱ ቅዘፋ እንደማትችል ንገሪው።

ለአዲሱ ዓመት ስትመጪ ቤቱን መጥረግሽ አይቀርም። ከሣጥኑ ሥር ግን እንዳትጠርጊ።

የምትወድሽ እናትሽ
ሉ