ጫኖን ጉሎ ያስተከልክበት ቀን

ጫኖ፣ ጥር ፲፱፻፺ ዓ.ም.

ውድ አበልጄ ባዘዘው፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። የክርስትና ልጅህ አሞጽ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል።

መልእክትህ ደርሶኛል። ሌላ ፕሮጀክት ይዘህ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው። የጫኖን ገበሬ እንድሰበስብልህና እንደ ድሮው ከጎንህ ቆሜ እንዳስተረጉምልህ ፈልገሃል። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ካለፈው ክረምት ጀምሮ በሆዴ የያዝኩትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ለመንግሥት ሥራ አርባ ምንጭ ስትመደብ ሰው አታውቅም ነበር። የደጋ ልጅ ነህ፤ ሙቀቱና ወባው ተባብረው ጣሉህ። ባለቤቴ ብሩክታዊት አጥሚት እያፈላች ያስታመመችህ እኛ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ሆንክ። አሞጽ ሲወለድም ክርስትና ያነሣኸው አንተ ነህ።

ስለ ጉሎ ዘይት የነገርከኝም እኛ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጠን ነው። “ናፍጣ ከምድር ሆድ ወጥቶ ሲነድ ጭሱ ሰማይ ላይ ይከማቻል፤ ዓለምን እያሞቀ ነው። የጉሎ ዘይት ግን ሲነድ የሚመልሰው ተክሉ ሲያድግ ከአየር የሳበውን ነው” አልከኝ። መንግሥት አርባ ምንጭ ላይ መጭመቂያ እንደሚያቆም፣ ዘይቱ ተጣርቶና ከናፍጣ ጋር ተደባልቆ አውቶቡሶችን እንደሚነዳ፣ ከናፍጣ የሚወደድበትን ያህልም መንግሥት በድጎማ እንደሚሸፍን ስታወራ ፊትህ ያበራ ነበር። ያን ቀን አልዋሸኸኝም። እሱን አውቃለሁ።

ከዚያ ስብሰባው መጣ። አንተ በአማርኛ ትናገራለህ፣ እኔ በጋሞኛ አደርሳለሁ። የሰዉ ዓይን ግን እኔ ላይ ነበር፤ የሚያውቁት እኔን ነዋ። አባቴ ዳልጮ ተነሥቶ ጠየቀ።

“ጉሎ በአጥር ሥርም ይበቅላል። ለምንድን ነው ሙዝ ነቅለን የሐሬን ወንዝ ውሃ ለጉሎ የምናጠጣው?”

“መጭመቂያው ብዙ ፍሬ ስለሚፈልግ ነው፣ አባባ” አልከው።

“መንግሥት ሐሳቡን ቢለውጥስ?”

ይህን ሳስተረጉምልህ ትንሽ ዝም አልክ። ቃል የምትመርጥ መስሎኝ ነበር። ከዚያ “ድጎማው የጸና ነው፤ አይለወጥም በላቸው” አልከኝ። አልኳቸው። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

“ይህን የምትለው አንተ ነህ ወይስ እሱ?”

“ሁለታችንም ነን” አልኩት።

ራሱ አባቴ ነው ሙዙን መጀመሪያ የነቀለው። እሱን አይተው ሌሎቹ ተከተሉ። ጉሎው ሳይደርስ አንተ በዕድገት ወደ አዲስ አበባ ተዛወርክ። ስንሸኝህ አባቴ ኦቾሎ መንደር ሸማኔ ዘንድ ያሠራውን ጋቢ ከትከሻው አውርዶ አለበሰህ። ታስታውስ እንደሆነ፣ አቅፎህ ቆይቷል።

ጉሎው አማረ፤ መጭመቂያው ግን አልመጣም። አርባ ምንጭ ቢሮህ ስንሄድ “ፕሮጀክቱ ተዘግቷል” አሉን። አውቶቡስ ያላቸውን ስንለምን “ድጎማው ከሌለ ከናፍጣ የሚወደድ ዘይት ማን ይገዛል?” ብለው ሳቁ። ምርቱ በየቤቱ ተከመረ። የጎረቤታችን የኤርጫፎ በሬ የማዳበሪያ ከረጢቱን ቀዶ ፍሬውን በላና ሞተ። ላጽናናው ብሄድ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ “በሬዬን የገደለው ጉሎ አይደለም፤ ያንተ አፍ ነው” አለኝ።

አባቴን ታውቀዋለህ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ የሚጠራው እሱ ነበር። አሁን አይጠሩትም። በጠዋት ተነሥቶ ያቺን ሙዝ የነበረባትን ባዶ መሬት እየቆፈረ ይውላል።

እኔ ግን ለአንተ እሟገት ነበር። “እሱም እንደኛ ተታሎ ነው፤ የተለወጠው መንግሥት እንጂ ባዘዘው አይደለም” እያልኩ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር።

ባለፈው ክረምት ምዕራብ ዓባያ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ካሱን አገኘሁት። ያንተ ሹፌር የነበረው ካሱ፤ አሁን የመንግሥት ሥራ ለቆ አውቶቡስ ይነዳል። ስለ አንተ ስሟገት ሰምቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

“ጌታነህ፣ የስብሰባው ዕለት ጠዋት እኮ ከአዲስ አበባ ደውለው ነግረውታል። ድጎማው መቅረቱን መኪና ውስጥ ራሱ ነው የነገረኝ። ‘ታዲያ ጫኖ ምን እንሠራለን? እንመለስ’ ስለው፣ ‘ይህን ያህል መሬት ተተከለ ብዬ ሪፖርት ካላደረግኩ ዝውውሬ አይጸድቅም፤ ንዳ’ አለኝ።”

“ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት።

“አበልጁ አይደለህ? የምታውቅ መስሎኝ።”

ባዘዘው፣ የጎዳኝ ይሄ ነው። ካሱ ደግ ሰው ነው፤ እሱ እንኳ ይህን ሁሉ ጊዜ ከአንተ ጋር የመከርኩ አድርጎ ነበር የሚያየኝ። ለማያውቅህ ሰው ዋሽተህ ቢሆን ይቅር ለማለት አይከብደኝም ነበር። አንተ ግን አባቴን በእኔ አንደበት አታለልከው። ያቺን ትንሽ ዝምታህን አሁንም አስባታለሁ። እዚያች ላይ እውነቱን ብትናገር ሙዛችን አይነቀልም ነበር።

መልሴ ይህ ነው። ገበሬውን እሰበስብልሃለሁ። ስለ አዲሱ ፕሮጀክት አንዲት ቃል ከመናገርህ በፊት ግን፣ ያን ዕለት ጠዋት የተነገረህን ነገር አባቴና ኤርጫፎ ባሉበት ቆመህ ትናገራለህ። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጉምልሃለሁ። ካልተናገርክ እኔው እናገራለሁ፤ ካሱም መጥቶ ሊመሰክር ቃል ሰጥቶኛል።

ብሩክታዊት “ልጄን ክርስትና ባነሣ ሰው ላይ ደጄን አልዘጋም” ብላለች፤ አልጋህ ይነጠፋል። አሞጽም ይጠብቅሃል፤ እሱ ምንም አያውቅም። እኔ ግን ከአንተ ጋር ማዕድ የምቀርበው ከስብሰባው በኋላ ነው።

በደህና ግባ።

ጌታነህ ዳልጮ