የድሮው አድራሻችን የሚወስደው ወዴት ነው?

ለፎቶ አንሺው፣

እህቴ ጋ ሄጃለሁ፤ እስከ እሁድ አልመለስም። ላፕቶፔን ሳሎናችን ጠረጴዛ ላይ ትቼልሃለሁ።

የድሮ ድረ ገጻችንን የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ክፈትና «ሪዳይሬክት» የሚለውን ተጫን። አብረን ስንሠራ የነበረው ድረ ገጽ አሁን ሰውን ወዴት እንደሚልክ ታያለህ። አትጩህ፣ ጎረቤት አለ። የእኔን አድራሻ አጥፋና አዲሱን የአንተን ጻፍበት። ከዚያ «ፐርማነንት» የሚለውን ምረጥ። ቋሚ ማለት ነው፤ «ለብቻዬ መሥራት ይሻለኛል» ብሎ ለሄደ ሰው ቃሉ እንግዳ ይሆናል ብዬ ነው የተረጎምኩልህ።

ሁለት ወር ሙሉ «ደንበኛ የት ገባ?» ስትለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ፎቶህ ደብዛዛ ሆኖ ነው» እያልኩ አላገጥኩብህ። ሰዎቹ ግን አንተን ብለው የድሮውን አድራሻ ሲከፍቱ እኔ ገጽ ላይ ነበር የሚወድቁት።

ትናንት አንዲት ሙሽራ ደወለች። «የእህቴን ሠርግ ያነሳኸው አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ። አዎ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን «ያነሳው ጓደኛዬ ነው» አልኳት። ስልክ ቁጥርህን ሰጠኋት።

ዛሬ ከሰዓት ትደውልልሃለች፤ በደንብ አናግራት።

ለእኔም ከፈለግክ ደውል። ካልፈለግክም ይገባኛል።